ከእሳቱ የተረፈውን እኛ ጠረግነው

እሳት ማለት መንደድ የማይገባው ነገር፣ መንደድ በማይገባው ቦታ፣ ባለቤቱ ሳያስበውና ሳይፈልገው፣ ነበልባል አውጥቶ ሲነድ ነው።

አትሳቁ። እኔም እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ እሳት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ምድጃ ውስጥ የሚነደው እሳት አይደለም፤ ቦታው ነዋ! ሸሚዛችሁን ያሳረረው ካውያም እሳት አላነሣም፤ ነበልባል የት አለና? ቤታችሁ ሙሉ ቀን ሲጨስ ቢውልም ጭስ ነው እንጂ እሳት አይባልም። ብዙ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ፤ ስለ እሳተ ገሞራ ሳይቀር ሰሌዳ ሙሉ ጽፌያለሁ። ይህን ግን ማንም አልነገረኝም። የነገረኝ የጎረቤቴ የከድር የመድን ውል ነው። እሱም የነገረኝ ወፍጮ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከድርን ላስተዋውቃችሁ። እዚህ አቃቂ በሰቃ፣ ከእኔ ቤት ሦስት በር አልፎ ወፍጮ ቤት አለው። በወጣትነቱ ከስልጤ መጥቶ በሱቅ በደረቴ ጀመረ፤ ከዚያ ጠባብ ሱቅ፣ ከዚያ ወፍጮ። ቅንድቡን ጥቁር ሆኖ ያየሁት የዒድ ዕለት ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን ሁሉ ዱቄት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጤፉንም በርበሬውንም ሽሮውንም የሚያስፈጨው እሱ ዘንድ ነው። ማሽኑ ሲጮህ የሚናገረው አይሰማም፤ ስለዚህ የሚግባባው በፈገግታ ነው። ጠላት የሌለው ለዚህ ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት ይህ ከድር አዲስ ሞተር ለመግዛት ከባንክ ተበደረ። ባንኩ መኖሪያ ቤቱን በመያዣነት ያዘ። ያ አልበቃው ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ የእሳት መድን ካልገባ ብድሩ የለም አለ። ከድርም ወደ አንድ የመድን ድርጅት ሄደ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። እሳት ቢነሣ ትከፍላላችሁ ወይ አለ። እንከፍላለን አሉት። ፈረመ። በእርግጥም ውሉ ውስጥ "እንከፍላለን" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ በኋላ አግኝቼዋለሁ። ከሱ በኋላ ያሉት አሥራ ምናምን ገጾች በሙሉ የሚጀምሩት "ነገር ግን" በሚል መንፈስ ነው።

ለምን አላነበበም ትሉ ይሆናል። እናንተስ ምን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ማኅተም ያለበትን ወረቀት እንሳለማለን እንጂ አናነብም። እኔ ራሴ፣ የተማርኩ ነኝ ባይ፣ ባለፈው ስልኬ ላይ የባንክ አገልግሎት ሳስጭን ሠራተኛዋ "እስማማለሁ" የሚለውን ይጫኑ አለችኝ፤ ተጫንኩ። በምኑ ነው የተስማማሁት ብዬ ስጠይቃት አየችኝ። ለስንት ዓመት ስትሠራ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ እንደማታውቅ ከዓይኗ ገባኝ። አፍሬ ደግሜ ተጫንኩ።

ከድር እንኳ ከኔ ይሻላል። ውሉን በፕላስቲክ አድርጎ፣ ከልጆቹ የልደት ካርድ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ሌባ እንዳይወስደው ነው። ሌባ ቢወስደው እኮ ቢያንስ አንድ ሰው ያነበው ነበር።

እሳቱ የተነሣው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ግድም ነው። ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወፍጮ ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ከረጢቱ ከበር ውጭ እስከ መንገዱ ተሰልፏል፤ ሞተሩ ከንጋት ጀምሮ አላረፈም። ድንገት የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ቺንጋው፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ነው ሲባል፣ ሞተሩ ራሱ በጎኑ ነበልባል አወጣ። ከዚያ ኮርኒሱን ያዘው፤ ከኮርኒሱ ጣሪያውን፤ ግድግዳ ጥግ የተደረደረውን ከረጢትም አላለፈው።

ያኔ ሰፈራችን ምን እንደሆነ አየሁ። ማን ማንን ጠራ ልበላችሁ? ማንም ማንንም አልጠራም። አሸዋ ያለው አሸዋ፣ ውሃ ያለው በጄሪካን፣ ምንም የሌለው ጩኸቱን ይዞ መጣ። ግድግዳው ላይ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሎ ነበር፤ መድን ድርጅቱ አስገድዶ ያስገዛው ነው። አንዱ ሊያወርደው እጁን ሲዘረጋ እትዬ አስካለ ጮኸች። እትዬ አስካለ የሰፈሩ አንጋፋ ናት፤ የባቡር ሠራተኛ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ካረፈ በኋላ የእድሩን የሴቶች ወገን የምታዝዘው እሷ ናት።

"ኧረ ተው፣ ተው! አዲስ ነው እኮ! ፕላስቲኩ እንኳ አልተላጠለትም፤ ታበላሽበታለህ!"

ሰውዬው እጁን ሰበሰበ። እሳቱ በጄሪካን ጠፋ። የእሳት ማጥፊያው አንድም ጉዳት አልደረሰበትም።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ያደረስነው ጥፋት የለም። ጥፋታችን የጀመረው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ደምሴ ይባላል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነበር፤ እስከ ዛሬም ሰው ሲያይ በፈረቃ ከፍሎ ነው የሚያየው። የጠቆረውን ግድግዳ፣ የተንጠለጠለውን ቆርቆሮ፣ ያረረውን ሞተር ዞሮ አየና፣ ከድር ተመልሶ ይህን ማየት የለበትም፣ ልቡ ይሰበራል አለ። ሁላችንም ልክ ነው አልን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንገናኝ ተባለ።

በሦስት ፈረቃ ተከፈልን። የመጀመሪያው ፈረቃ አመዱን ጠርጎ በአህያ ጋሪ አስጫነ። ሁለተኛው ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ቤት ሠርቶ ቆርቆሮ የተረፈው ቆርቆሮውን፣ ሚስማር የተረፈው ሚስማሩን አመጣ፤ አናጢው ጎረቤታችን ኮርኒሱን በነፃ መታ፤ በሩም ተቀየረ። ሦስተኛው ፈረቃ ቀለም ነበር። እኔ እዚያ ተመደብኩ። ኖራ በጥብጬ ያንን የጠቆረ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በእጄ ሥራ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ያረረው ሞተር ቀረ። መሐል ወለል ላይ እንደ ሬሳ ተጋድሟል። ምን እናድርገው ስንል ከውጭ "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ ተሰማ። አቶ ደምሴ ተከራከረ፤ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ኮቱን አውልቆ እንደገና ተከራከረ። በጥሩ ዋጋ ሸጠውና ብሩን በፖስታ አሽጎ ለከድር እንዲሰጥ ለእትዬ አስካለ አስረከበ።

ከድር የት ነበር? እሳቱ እንደጠፋ ሰዎች ደግፈው ያስገቡት ቤቱ። ንብረት የተቃጠለበትና ሰው የሞተበት በእኛ ዘንድ ልዩነት የለውም፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አንዱ "አላህ ይተካልህ" ብሎ ሲነሣ ሌላው "እግዜር ይተካልህ" ብሎ ይቀመጣል። ከድር እየተነሣ ይቀበላል፣ እየተነሣ ይሸኛል። ሰው ሊያጽናናው መጥቶ እያለ ጥሎ ወደ መድን ቢሮ ቢሄድ ምን ይባላል? እኛ በሐዘን ስንመጣ እሱ ካሳ ፍለጋ ሮጠ አይባልም? እንዲህ አስቦ ቅዳሜን፣ እሑድን፣ ሰኞን ቤቱ ቆየ።

ሰኞ ከሰዓት እጁን ይዘን ወፍጮ ቤቱ ወሰድነው። በሩን ከፈትንለት። ነጭ ግድግዳ፣ አዲስ ኮርኒስ፣ የተወለወለ ወለል። ቆሞ አየ፤ ከዚያ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። እኛም አለቀስን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ማክሰኞ ውሉን ይዞ እኔ ቤት መጣ።

"ጋሼ፣ ነገ ልሄድ ነው። እስቲ ምን ይዤ እንደምሄድ ያንብቡልኝ።"

መነጽሬን አድርጌ ጀመርኩ። የእሳትን ትርጉም ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው፤ ተገረምን፤ ከድርም "እንግዲያው የኛ ሙሉ እሳት ነው፣ ነበልባል ነበረው" ብሎ ተደሰተ። ገጽ ገለጥኩ። "የመድን ገቢው ግዴታዎች" ይላል። መድን ገቢው ማነው አለኝ። አንተ ነህ አልኩት። ግዴታ አለብኝ እንዴ አለ። አረቦኑን በየጊዜው ከከፈለ ግዴታው ያለቀ መስሎት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም።

"አደጋ እንደደረሰ ወዲያውኑ ለድርጅቱ ያሳውቃል" ብዬ አነበብኩ።

"ወዲያውኑ ማለት ስንት ቀን ነው፣ ጋሼ?"

"ወዲያውኑ ማለት ወዲያውኑ ነው።"

"እንግዳ ቢኖርስ?"

"ስለ እንግዳ የሚለው ነገር የለም።"

"እንዴት ስለ እንግዳ አይልም?" አለና ወረቀቱን ወስዶ ራሱ ፈለገ። አጣው። መለሰልኝ።

የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩና መሐል ላይ ዝም አልኩ። በልቤ ጨረስኩት። እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። መነጽሬን አወለቅኩ። እንዲህ ይላል፦ መድን ገቢው የድርጅቱ ተወካይ መጥቶ እስኪያይ ድረስ የተቃጠለውን ንብረትና ፍርስራሹን ሳይነካና ሳያስነካ እንዳለ ያቆያል።

ወረቀቱን የያዙ ጣቶቼን አየሁ። ጥፍሬ ሥር ኖራው አሁንም አልወጣም።

"ምን ይላል፣ ጋሼ?"

ምን ልበለው? እኔ እኮ ጥያቄውን በደንብ ሳያነብ የመለሰን ተማሪ የሚጥል መምህር የነበርኩ ሰው ነኝ። ሦስት በር ርቀት ላይ የተቆለፈን ወረቀት አምጣና እስቲ እንየው ሳልል ብሩሽ አንሥቼ ሮጥኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እዚህ ግን የመነጠርነው እኛ ነን።

ረቡዕ ሄዶ አመለከተ። ሐሙስ ገማቹ መጣ። ገማች ማለት የደረሰውን ጉዳት አይቶ የሚመዝን ባለሙያ ነው። የጠበቅነው ቁጡ ሰው ነበር፤ የመጣው ግን ትሑት፣ ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ "እባካችሁ" ሳይል የማይናገር ጎልማሳ ነው። ገባ። ቆመ። ወጣ። በእጁ ያለውን ወረቀት አየና፦

"ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የተቃጠለው ወፍጮ ቤት የትኛው ነው?"

"ይኸው ነው!" አልነው፤ አሥር የምንሆን ሰዎች፣ በኩራት።

እንደገና ገባ። ግድግዳውን በጣቱ ነካ፤ ጣቱን አየ። ካሜራውን አንሥቶ ወደ ዓይኑ ካስጠጋ በኋላ ምን እንደሚያነሣ ግራ ገብቶት አወረደው። በመጨረሻ ወደ ከድር ዞሮ፣ እስቲ ምን ምን ተጎዳብዎት አለው።

ከድር እጁን ወደ ደረቱ አደረገ። "አልሐምዱሊላህ! ምንም አልሆነም። አላህ አተረፈን። ሰው ደህና ይሁን እንጂ ዕቃ ምን አላት!"

ገማቹ ጻፈ።

የከድርን እግር ረገጥኩት። አልገባውም። ደግሞስ እንዴት ይግባው? እግሩ የተሰበረውን ሰው ደህና ነህ ወይ ብትሉት ምን ይላችኋል? ደህና፣ ተመስገን ይላል። የተቃጠለበትን ቆጥሮ ለእንግዳ መዘርዘር ነውር ነው፤ ፈጣሪን ማማረር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ይህንን ነው። የድርጅቱ ቅጽ ላይ ደግሞ ለተመስገን የተተወ ቦታ የለም።

እትዬ አስካለ ሁኔታው አላማራትም። ገማቹ የከድርን ማንነት የተጠራጠረ መሰላት። ሽማግሌ ተልኮ ስለ ሙሽራ ጠባይ ሲጠየቅ እንደሚደረገው፣ ቀረብ ብላ መመስከር ጀመረች።

"ልጄ፣ ይህን ሰው የምታውቀው አይመስለኝም። እንደሱ ያለ ታማኝ የለም። እኛ እኮ እህላችንን አምጥተን ወር ሙሉ እዚህ ነው የምንተወው። የሰፈሩ ጎተራ በለው።"

"የሌላ ሰው እህል ነው ማለት ነው የተቃጠለው?" አለ ገማቹ።

"የኛ ነው እንጂ! የኔ እንኳ ሁለት ከረጢት ነበር። እርም ብያለሁ።"

ጻፈ። ሲጽፍ አየችና ደስ አላት፤ ቀጠለች። እዚያ ማዶ ያለው የብየዳ ቤት መብራት ሲጠፋበት ከድር በራሱ ቆጣሪ ገመድ ዘርግቶ ያሠራዋል፣ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም አለች። ጻፈ። ዓይኗ በራ።

"ለባጃጅ ሹፌሮቹማ አባታቸው ነው። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ሌሊት ተሰልፈው የቀዱትን የት ያስቀምጡ? እዚህ! ከድር ነው ጥግ ለቆ የሚያስቀምጥላቸው።"

የገማቹ እስክሪብቶ ቆመ። "የምን ቤንዚን?"

"በጄሪካን ነዋ! እሳቱ የተነሣ ዕለት እኮ ልጆቹ በነበልባሉ መሐል እየዘለሉ ገብተው ነው ያወጡት። ያን ጀግንነት ብታይ!"

አቶ ደምሴ ሳለ። እትዬ አስካለ ዙሪያዋን አየችና፣ ምነው፣ ዋሸሁ እንዴ አለች።

አልዋሸችም። ችግሩ እሱ ነው። ውሉ፣ አደጋን የሚያባብስ ነገር ቤቱ ውስጥ ሲገባ አስቀድሞ ይነገረኝ ይላል፤ ቶሎ የሚነድ ነገር እንዳይቀመጥ በስም ጠርቶ ይከለክላል፤ የሌላ ሰው ንብረት ካልተመዘገበ አላውቀውም ይላል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የደነገጥኩት በሌላ ነገር ነው። ማክሰኞ ማታ ያነበብኩት የ"አይሸፈንም" ዝርዝርና ሐሙስ እትዬ አስካለ ያወረደችው ውዳሴ ቁጥር በቁጥር አንድ ነበሩ። የሰውዬው ደግነት ሁሉ ከነአንቀጹ እዚያ ተጽፏል።

ገማቹ ቅጹን ሊጨርስ አንድ ጥያቄ ቀረው። ይህ ንብረት በሌላ መድን ሰጪ ዘንድ ተሸፍኗል ወይ አለ። ከድር እውነት ከመናገር የማይቦዝን ሰው ነው።

"አዎ።"

"የማን?"

"እድር።"

አቶ ደምሴ ኮቱን ቆልፎ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ።

ገማቹ በትዕግሥት ጻፈና ስለ ሞተሩ ጠየቀ። እሳቱ ከየት እንደተነሣ የማውቀው ሞተሩን ሳይ ብቻ ነው፤ ያለሱ ምንም ማለት አልችልም አለ። ለቆራሌው ሸጥነው ስንለው ለመጀመሪያ ጊዜ "እባካችሁ" ማለት አቃተው። ብቻ፣ ካገኛችሁት ደውሉልኝ ብሎ ሄደ።

እዚህ ላይ ልታውቁልኝ የሚገባው ነገር አለ። ከድር እየሳቀ ይሸኘው እንጂ በዚያ ሞተር ላይ የተንጠለጠለው ቤቱ ነው። ወፍጮው ካልፈጨ ለባንኩ የሚከፍለው የለውም፤ ካልከፈለ ቤቱ ይሸጣል። አምስት ልጆች አሉት። ገማቹ ከሄደ በኋላ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጋሼ፣ ለልጆቹ እናት ምን እላታለሁ አለኝ። ያን ቀን ኖራ ወደቀባሁት ግድግዳ ፊቴን ማዞር አቃተኝ።

ስለዚህ ሞተሩን ፍለጋ ወጣን፤ ከድር፣ አቶ ደምሴና እኔ። ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስቡበትን ግቢ ሁሉ ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ እስከ ቂሊንጦ አዳረስነው። ሦስት ሽማግሌ የሚመስሉ ሰዎች የዝገት ክምር ላይ ወጥተው ሲቆፍሩ ያየ ሁሉ ቆሞ አየን። በሁለተኛው ቀን፣ ቂሊንጦ መውጫ ላይ፣ አቶ ደምሴ ጮኸ። ከአሮጌ አልጋ ሥር ያ የኛ ጥቁር ሞተር ተጋድሟል። ከድር አቀፈው። ያ ማቀፍ አጠፋን፤ የግቢው ባለቤት አይቶናል። የሸጥንበትን ዋጋ እጥፍ ጠየቀን። አቶ ደምሴ ኮቱን ቢያወልቅም አልሆነም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ብርድ ልብስ አልብሰን እንደ በሽተኛ በባጃጅ አመጣነው።

ገማቹ ተመልሶ መጣ። ሞተሩን አስፈትቶ፣ ውስጡ ያለውን የመዳብ ሽቦ በባትሪ እያበራ ረጅም ጊዜ አየ። እሳቱ የተነሣው እዚህ ውስጥ ነው፣ ምንም ጥርጥር የለውም አለ። እልል ለማለት ምንም አልቀረንም ነበር። ቤንዚኑ እሳቱን አላስነሣውም ማለት ነዋ! ከድር የገማቹን እጅ ሁለት ጊዜ ጨበጠ።

"ይቅርታ" አለ ገማቹ፤ "እንግዲያው ሞተሩ አይካተትም።"

በራሱ ውስጥ በተነሣ የኤሌክትሪክ ብልሽት የነደደ ማሽን በእሳት መድን አይሸፈንም። እሳቱ ከሱ ወጥቶ ሌላውን ካቃጠለ የተቃጠለው ሌላው ይሸፈናል፤ እሱ ግን ራሱን ነው ያቃጠለው። ለማሽን ብልሽት ሌላ ዓይነት መድን አለ፤ እሱን አልገቡም። ይህን ሁሉ በዝግታ አስረዳን፤ ገጹንም አሳየን። ገጹ አለ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሳነበው አልፌዋለሁ። ሰው በገዛ ገንዘቡ የሚጎዳውን ማስረጃ ገዝቶ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ፣ በባጃጅ ሲያመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። የባጃጁን የከፈልኩትም እኔ ነኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን እኔ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ጨዋ ደብዳቤ አንብቤ አላውቅም። በደረሰው አደጋ የተሰማውን ልባዊ ሐዘን ይገልጻል። ከዚያ፣ ጣሪያው፣ ኮርኒሱ፣ በሩና ግድግዳው በውሉ መሠረት የሚሸፈኑ ናቸው ይላል። "የሚሸፈኑ" የሚለው ላይ ስደርስ ከድር ተነሥቶ ቆመ። ሆኖም ይላል ደብዳቤው፣ መድን ገቢው ሁሉንም ያለ አንዳች ወጪ ስላሠራ የደረሰበት ኪሳራ የለም፤ መድን ኪሳራን ይተካል እንጂ ትርፍ አይሰጥም። ከድር ተቀመጠ። እህሉ የሌሎች ነው፣ አልተመዘገበም። ሞተሩ ቀደም ሲል በተገለጸው ምክንያት። ማስታወቂያው ዘግይቷል። በመጨረሻም፣ ቤንዚን ይቀመጥ እንደነበር በጎረቤት ምስክርነት ስለተረጋገጠ፣ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ባይኖርም እንኳ ውጤቱ ያው በሆነ ነበር።

አያችሁት? የተቃጠለና የሚሸፈን ነገር ነበረ፤ እሱን እኛ በነፃ ሠራነው። ያልሠራነው አንድ ነገር ነበረ፤ እሱ አይሸፈንም። ፈልገን ብናደርገው እንኳ እንዲህ አጥርተን አናደርገውም። የገረመኝ ደግሞ፣ ድርጅቱን ለመራገም አፌን ከፍቼ የምራገምበት ነገር ማጣቴ ነው። አንድም የዋሸው የለም። ሁሉም አስቀድሞ ተጽፏል።

እትዬ አስካለ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብላ ገለባበጠችው።

"እኔ ባላመሰግነው ኖሮ ይከፍሉት ነበር ማለት ነው?"

ደብዳቤውን መለሰችልኝና አንድ በአንድ አየችን።

"አመስግኜ ገደልኩት፣ በሉኛ!"

"ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ምን አደረጉ!" አለ ከድር። "እውነቱን ነው የተናገሩት። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነም።" አሁንም አልተወም።

የባንኩ ቀን እየቀረበ ሄደ። አቶ ደምሴ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። አንድ ሰው ተነሥቶ፣ እድራችን ለሞተ ሰው እንጂ ለሞተ ሞተር ደንብ የለውም አለ፤ ትክክል ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ተከራከርን። በመጨረሻ እትዬ አስካለ ተነሥታ፣ ደንብ ደንብ አትበሉብኝ፣ በደንብ ምን እንደሚደረግ አይቻለሁ፣ ለሱ ካልሆነ የኔን መቅበሪያ ስጡት አለች። እድሩ ለከድር የሞተሩን ዋጋ አበደረው። አዲሱ ሞተር ገባ። ወፍጮው መፍጨት ጀመረ፤ ባንኩም ከወር ወር እየተቀበለ ቤቱን ሳይነካ ቀረ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት፣ ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ሰው ነው መድኑ ብዬ፤ እናንተም ራሳችሁን ነቅንቃችሁ በተለያየን። ግን ባንኩ ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ መድኑ መታደስ አለበት አለ። ስለዚህ ከድርና እኔ ወደ መድን ቢሮው ሄድን፤ በዚህ ጊዜ ተምረናል። ግዴታችንን አውቀናል። የአደጋ ሁኔታ ሲለወጥ ማሳወቅ የመድን ገቢው ግዴታ ነው ስለሚል፣ ከድር ሁሉንም ተናገረ። ቤንዚኑ ወጥቷል አለ፤ የብየዳው ገመድ ተቆርጧል አለ፤ የሰው እህል በስም ይመዘገብልኝ አለ፤ የማሽን ብልሽቱም ይጨመርልኝ አለ። ሠራተኛዋ እየተደሰተች መዘገበች። በአካባቢዎ ሌላ ልናውቀው የሚገባ አደጋ የሚያባብስ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ከድር ትንሽ አሰበና፣ ባለፈው ፍርስራሹ ለምን እንዳልተገኘ፣ ማን እንደጠረገው፣ ማን እንደቀባው፣ ሞተሩን ማን እንደሸጠው በእውነት አስረዳ።

አዲሱ ውል በሳምንቱ ደረሰ። ቃል በቃል አነበብነው፤ ግማሽ ቀን ፈጀብን። መጨረሻው ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ አንቀጽ አለ፦ ከአደጋ በኋላ የመድን ገቢው ጎረቤቶች በሚያደርጉት ማናቸውም እርዳታ ለሚደርስ ጥፋት ድርጅቱ ኃላፊነት የለበትም። ከድር ሁለት ጊዜ አነበበው። ገብቶኛል ብሎ ፈረመ።

ሦስት ምስክር ያስፈልጋል ተባለ። እትዬ አስካለ፣ አቶ ደምሴና እኔ ፈረምን።